የቮልቴጅ ቅናሽና የመስመሩ ጫፍ

ጌኦርግ ኦም የኮረንቲን፥ የቮልቴጅንና የሬዚስታንስን ዝምድና እ.አ.አ. በ1827 ባሳተመ ጊዜ ነገሩ የቤተ ሙከራ ሰዎች ጉዳይ ነበር። ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ቶማስ ኤዲሰን ለኒውዮርክ መብራት ሲያቅድ ከአምፑሉ ባላነሰ የመዳቡ ዋጋ አሳሰበው። በመጀመሪያ የታሰበው አዘረጋግ «ዛፍ» ይባል ነበር፤ ወፍራም ግንድ ከጣቢያው ተነሥቶ እየቀጠነ ለየቤቱ ይበተናል። ታዲያ የቅርቡ ቤት ደምቆ ሲበራ የጫፉ ይደበዝዛል፤ ይህን በወፍራም ሽቦ እናርም ቢሉ ገንዘብ አይበቃም። ኤዲሰን እ.አ.አ. በ1880 ያመጣው መላ መጋቢውን መስመር ከማከፋፈያው መለየት ነው። በመጋቢው ላይ ማንም ቤት ስለማይቀጠል ዋናው ቅናሽ በዚያው ይቀራል፤ ቤቶቹም የተቀራረበ ቮልቴጅ ያገኛሉ። በ1882 ሥራ የጀመረው የፐርል ስትሪት ጣቢያ በዚሁ ዘዴ የተዘረጋ ነበር።

በአገራችን የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የተስፋፋው የ380/220 ቮልት ሥርጭትም ከዚህ አሳብ አይርቅም፤ ከፍተኛው መስመር እስከ ትራንስፎርመሩ ይመግባል፥ ዝቅተኛው ያከፋፍላል። ነገር ግን ኤዲሰን የተወው ዛፍ ከቆጣሪው ወዲያ እንደገና ይበቅላል።

የቡና መገኛ ተብላ የምትጠራውን፥ በቦንጋ አቅራቢያ በዴቻ ወረዳ ያለችውን ማንኪራን እናስብ። በእንደዚህ ያለው የከፋ ገጠር ቤቶች በቡናና በእንሰት መካከል ተራርቀው ይሠራሉ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ቁጥር 1 በ1996 ዓ.ም. ከጅማ ባሻገር ሥራ ጀምሯል፤ ሆኖም የግድቡ መቅረብ የሰፈሩን የመጨረሻ 60 ሜትር ሽቦ አያወፍረውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከቆጣሪ 60 ሜትር የራቀ ቤት በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ 3,500 ዋት ምጣድ ቢሰካ፥ ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ ርዝመቱ 120 ሜትር፥ የሽቦው ሬዚስታንስ 0.86 ኦም ይሆናል። ወደ 15 አምፔር ሲያልፍ 13 ቮልት ይጠፋል፤ ይህም ከመቶ 6 ያህል ሲሆን የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ከሚመክረው ከመቶ 5 ይበልጣል። ኃይል በቮልቴጅ ካሬ ስለሚለወጥ ምጣዱ የሚያገኘው 3,100 ዋት ብቻ ነው፤ ምጣዱ ሳይግል ሊጥ የፈሰሰበት እንጀራ ደግሞ ዓይን አያወጣም። በሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውን 190 ዋት ያህል ቆጣሪው ይመዘግበዋል፤ ከፋዩም ባለቤቱ ነው። በ6 ካሬ ሽቦ ቅናሹ ከ6 ቮልት በታች ይወርዳል።

ከጎረቤት ሲሳብ ነገሩ ይብሳል። አንዱ ከሌላው እየቀጠለ ሲሄድ የሁሉም ኮረንቲ በመጀመሪያው ቀጭን ሽቦ ያልፋል፤ በእጅ ተጠምዝዞ የተቀጠለው መጋጠሚያም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ባለሙያ ተጠርቶ ቢመጣ፥ ምጣዱ ሳይሰካ የለካው ቮልት ሜትር 220 ገደማ ያሳየዋል፤ እሱም መስመሩ ደህና ነው ብሎ ይመለሳል። የጫፉ ቤት ችግር የሚታየው በማታ፥ ጎረቤቱ ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት ሲለካ ነው።