የፀሐይ ምስልና የአየር መጋረጃ

ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው የዘወትር ችግሩ የብርሃን ማነስ ነው። ፀሐይን ለማንሣት የተነሣ ሰው የሚገጥመው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብርሃኑ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ጥርት ያለ ምስል ያጣል። ጉድለቱ የፀሐይ ሳይሆን በእርስዋና በእኛ መካከል የተዘረጋው አየር ነው። ስለሆነም የፀሐይ ፎቶግራፍ ታሪክ በአመዛኙ «በሰሌዳው ላይ የሚታየው የፀሐይ ነው ወይስ የአየሩ?» የሚል የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤፕሪል 2 ቀን 1845 ፈረንሳውያኑ ሊቃውንት ፊዞና ፉኮ በአራጎ ጠያቂነት ፀሐይን ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አነሡ። ብርሃኑ ወደ ሰሌዳው የገባው ለ1/60 ሰኮንድ ብቻ ነበር። ምስሉ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥቁር ነጠብጣቦችን ለይቶ ከማሳየቱም በላይ የፀሐይ ጠርዝ ከመካከሏ ይልቅ ደብዘዝ ያለ መሆኑን መስክሯል። በዚያ ዘመን ሌላውን ነገር ፎቶግራፍ ለማንሣት ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልግ ስለነበር የፀሐይ ጉዳይ የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ ጭንቀቱ ብርሃን ማከማቸት ሳይሆን ብርሃንን በፍጥነት መቁረጥ ሆነ።

በ1854 እንግሊዛዊው ጆን ኸርሽል ፀሐይ በየቀኑ በፎቶግራፍ እንድትመዘገብ ሐሳብ አቀረበ። በዚሁ መነሻነት ዋረን ደ ላ ሩ ፎቶሄሊዮግራፍ የተባለውን ለፀሐይ ብቻ የተበጀ መሣሪያ አሠርቶ በ1857 በኪው ተከለ። መሣሪያው በ1860 ወደ እስፓኝ ተጓጉዞ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ተነሣበት። በዚያን ጊዜ በግርዶሹ ጠርዝ ላይ የሚታዩት ቀያይ ነበልባሎች የፀሐይ ናቸው ወይስ የጨረቃ፣ ወይስ የዐይን ማታለል? የሚለው ክርክር ገና አላበቃም ነበር። ጣሊያናዊው አባ ሴኪ ከደ ላ ሩ ርቆ በሜድትራኒያን ባሕር ጠረፍ አጠገብ ያንኑ ግርዶሽ አነሣ። የሁለቱ ሥፍራ ምስሎች ሲተያዩ ነበልባሎቹ አንድ ዐይነት ቅርጽ ይዘው ስለተገኙ የፀሐይ መሆናቸው ተረጋገጠ። አንድ ምስክር የማይበቃበትን ነገር ሁለት ምስክሮች ፈረዱት። ከ1874 እስከ 1976 ድረስም በግሪኒች መሪነት የፀሐይ ነጠብጣቦች የፎቶግራፍ መዝገብ ሳይቋረጥ ተጠብቋል።

ይህ ትምህርት ግን ወዲያው አልሠረጸም። ጁል ዣንሰን በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በመዶን የብርሃኑን ጊዜ እስከ 1/3000 ሰኮንድና ከዚያም በታች በማሳጠር ከዚያ በፊት ያልታዩ ጥርት ያሉ ምስሎችን አወጣ። የፀሐይ ገጽ ልክ እንደ ተዘራ የሩዝ ፍሬ በብሩህ ቅንጣቶች የተሸፈነ መሆኑ በሰሌዳዎቹ ላይ ታየ። ከዚሁ ጋራ አንዳንዱ ሥፍራ ጥርት ብሎ፣ አንዳንዱ ደግሞ ተድበስብሶ እንደ መረብ ተሠርቶ ስለ ታየው፣ ዣንሰን በ1877 ይህ መረብ በፀሐይ ገጽ ላይ ያለ ነገር ነው ብሎ አስታወቀ። ኋላ እንደ ታወቀው ግን ድብስብሱ ሥፍራ የአየር መናወጥ የፈጠረው ነበር። በዘመኑ እጅግ የሠለጠነው እጅ አየሩን ለፀሐይ ቆጥሮ ነበርና።

ከአየሩ መውጣት ምን እንደሚያስገኝ የታየው በ1957 ነው። ማርቲን ሽቫርትስሺልድና ባልደረቦቹ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ሰው በሌለበት ፊኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ልከው ቅንጣቶቹን እስከዚያ ባልታየ ጥራት አነሡ። ፊኛ መላክ የማይችለው መሬት ላይ ያለ ሰው ግን ምን ያድርግ?

ለዚህ መልስ የሚሆን ስሌት በ1978 ዴቪድ ፍሪድ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ አቀረበ። አየሩ ሁልጊዜ እኩል አይናወጥም፤ ለቅጽበት ረጋ የሚልበት ጊዜ አለ። ጥያቄው ይህ ዕድል ስንት ጊዜ ይገጥማል የሚል ነው። የቴሌስኮፑ አፍ ስፋት በአንድ ጊዜ ረግቶ ከሚገኘው የአየር ቁራሽ 5 እጥፍ ሲሆን ከ9 ፎቶግራፎች አንዱ ያህል ጥሩ ይወጣል፤ 7 እጥፍ ሲሆን ከ400 አንዱ ያህል፤ 10 እጥፍ ሲሆን ግን ከአንድ ሚሊዮን አንዱ ብቻ። ከዚህ እንደምንረዳው ዕድሉ የሚያደላው ለትልቁ መሣሪያ ሳይሆን አነስተኛ ቴሌስኮፕ ላለው አማተር ነው።

ዕድሉን በእጅ ያስገባው የቪዲዮ ካሜራ ነው። በ2002 የኔዘርላንዱ ኮር በሬቮትስ ሬጂስታክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ካወጣ ወዲህ ከሺሕ ምስሎች የተሻሉትን መርጦ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክሎ መደረብ በየቤቱ የሚሠራ ሥራ ሆኗል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ ከብርሃኑ ከመቶ ሺሕ አንድ እጅ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ በቴሌስኮፑ አፍ ላይ በሚገባ ይታሰራል፤ ይህ ካልተደረገ ዐይን ይጠፋል። ጊዜው ወደ ጥቂት የሰኮንድ ሺሕኛዎች ወይም ከዚያ በታች ያጥራል፤ ይኸውም አየሩ ሳይናወጥ ለመቅደም ነው። የካሜራው የብርሃን ማጉያ ዝቅ ይላል፤ ብርሃኑም የካሜራውን የመቀበል ዐቅም ሦስት አራተኛ ያህል ሲሞላ ይበቃል፤ ከሞላ የነጠብጣቦቹ ዙሪያ ዝርዝር ታጥቦ ይጠፋልና። አንዱ ቅንጣት 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት ዕድሜው ዐሥር ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ቀረጻው ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ ባይረዝም ይመረጣል።

የመደረቡ ጥቅም በሒሳብ የሚታወቅ ነው። አንድ መቶ ምስሎች ቢደረቡ በዘፈቀደ የሚመጣው የካሜራ ጉርምርምታ ወደ ዐሥረኛው ይወርዳል፤ የፀሐይ የሆነው ግን በሁሉም ላይ ስለሚገኝ ባለበት ይጸናል። ደ ላ ሩና ሴኪ በሁለት ሥፍራ ያገኙትን የምስክሮች ስምምነት ዛሬ አንድ ሰው ከአንድ መቶ ቅጽበቶች ያገኛል ማለት ነው።

ሆኖም አደጋው አላለፈም። የተደረበው ምስል ሲታይ ለስለስ ያለ ስለሆነ በኮምፒዩተር ይሳላል። ስለቱ ከመጠን ሲያልፍ በፀሐይ ላይ የሌሉ ቀለበቶችና መረቦች ይወለዳሉ፤ የዣንሰን መረብ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ዣንሰንን ያታለለው አየሩ ሲሆን፣ እኛን የምታታልለው የገዛ እጃችን መሆኗ ነው። መድኀኒቱም የ1860ው ነው፦ ከአንድ ቀረጻ ወዲያው ሌላ ቀረጻ መውሰድ፣ ሁለቱን ለየብቻ መደረብና ማስተያየት። በሁለቱም ላይ የተገኘውን ማመን፣ በአንዱ ብቻ የታየውን መጠርጠር ይገባል። ያልተነካውን የመጀመሪያ ቀረጻም ማስቀመጥ ከሙያ ግዴታ የሚቈጠር ነው፤ የነገው ሰው ስሕተታችንን የሚያርመው ከዚያ ብቻ ነውና።