የስዊስ ቫዮሊን፣ የግሸን ዜማ

በዚህ አገር የሁለት ሕዝብ ሙዚቃ በአንድ መድረክ ሲቀርብ አይታችሁ «የእኛስ?» ብላችሁ ይሆናል። የእኛ ከተቀላቀለ ቆይቷል።

የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊስ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። (በዚህ ብርድ የስድስት ዓመት ልጅ!) ቫዮሊን የጀመሩት እዚሁ ነው። በ1933 አገራቸው ገቡ፤ ኋላም ካይሮ ከፖላንዳዊው ኮንቶሮቪች ተማሩ። ለተጨማሪ ትምህርት ውጭ የመሄድ ዕድላቸው ሲሰናከል ግን ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም መነኮሱ። እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት ያን ጊዜ ነው። በባዶ እግራቸው ዐሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ወደ ፒያኖ ተመለሱ።

በ1967 ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢው ለድሆች ነበር። በ2006 ደግሞ ፓሪስ የሚታተመው «ኢትዮፒክ» የተባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጹን ለእሳቸው ሰጠ። በ2023 ኢየሩሳሌም አረፉ።

ልጆቻችን የፈረንጅ ሙዚቃ ሲማሩ የራሳቸውን ይረሳሉ ብለን እንሰጋለን፤ እኔም እሰጋ ነበር። እስቲ ያንን ዲስክ ክፈቱት፦ መሣሪያው የአውሮፓ ነው፤ ከውስጡ የሚሰማው ግን የያሬድ ዜማና የአገራችን ቅኝት ነው።