ስለ ፊሳልጎስ መጽሐፍና ከፍጥረት ስለሚወጣ ምሳሌ

ከጥንት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ለሕዝብ የሚሆነውን ትምህርት ከቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ዕለት ዕለት በዓይን ከሚታየው ነገርም ሲያወጡ ኖረዋል። ይህንንም ያስተማራቸው ጌታችን ራሱ ነው፤ መንግሥተ ሰማያትን በሰናፍጭ ቅንጣት፥ በእርሾና በዓሣ መረብ መስሎ ተናግሯልና።

ከግዕዝ መጻሕፍት መካከል ለዚህ ሥራ ተብሎ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አለ፤ ስሙም ፊሳልጎስ ይባላል፥ የፍጥረትን ጠባይ የሚመረምር ማለት ነው። መጀመሪያ የተጻፈው በጽርእ ቋንቋ ሲሆን፥ ሊቃውንት አገሩን እስክንድርያ ያደርጉታል። በአክሱም መንግሥት ዘመን ወደ ግዕዝ ተመለሰ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1877 ዓ.ም. ደግሞ ፍሪጽ ሆመል የተባለ የጀርመን ሊቅ የግዕዙን ንባብ በላይፕሲግ ከተማ አሳተመው።

የመጽሐፉ አካሄድ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የአውሬውን ወይም የወፉን ጠባይ ይናገራል፥ ቀጥሎም ምሥጢሩን ይተረጕማል። አንበሳይቱ ደቦሏን ሙት አድርጋ ትወልዳለች፥ በሦስተኛው ቀን ግን አባቱ መጥቶ እፍ ሲልበት ይነሣል ይልና፥ ይህን ለጌታችን ትንሣኤ ምሳሌ ያደርገዋል። ይብራም የሞቱትን ጫጩቶቿን ከጎኗ በሚፈስሰው ደም ታስነሣለች ይላል።

ዳሩ ግን የአንበሳ ደቦል ዓይኑን ጨፍኖ ይወለዳል እንጂ ሙት ሆኖ አይወለድም፤ ይብራም ጫጩቶቿን የምትመግበው ውጣ በምታመጣው ዓሣ ነው። ይህን በትምህርት ቤት የተማረ ወጣት፥ በዐውደ ምሕረት ላይ የአንበሳው ነገር እንደ እርግጠኛ ታሪክ ሲነገር ቢሰማ፥ በአንበሳው ስቆ ብቻ አይቀርም፤ በትንሣኤውም ሊሥቅ ይደፍራል። የጌታ ትንሣኤ ግን ባዩት ምስክሮች ቃል የጸና ነው፥ የአንበሳ ዋስትና አያስፈልገውም። ሐሰተኛ ዋስ የጠራ ሰው እውነት በእጁ ሳለ ይረታል።

እንግዲህ ፊሳልጎስን እንጣለው ወይ? አይገባም። እባብ ያረጀ ቆዳውን መጣሉን፥ ጕንዳንም እህል ማከማቸቱን የተናገረው እውነት ነው፤ የጐደለው ነገር ቢኖር ወሬውን ከማየት ማስቀደሙ ነው። የተሻለውን መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ370 ዓ.ም. የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ የተሾመው ቅዱስ ባስልዮስ አሳይቶናል። እርሱ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ሲያስተምር ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ የዕለት እንጀራቸውን በእጃቸው የሚያገኙ ሠራተኞች ስለ ነበሩ፥ ንግግሩ ረዝሞ ሥራ እንዳያስፈታቸው ይጠነቀቅ ነበር። ሣሩንም ሣር ነው፥ ዓሣውንም ዓሣ ነው ብሎ ከተናገረ በኋላ ትምህርቱን ያወጣ ነበር። ከዘመኑ ወሬ ተቀብሎ የተናገረው ስሕተት ባይታጣም፥ ሥርዐቱ ቀና ነው፤ ማየት ይቀድማል፥ መተርጐም ይከተላል።

ከእኛም ወገን ቅዱስ ያሬድን እናስብ። ገድሉ እንደሚናገረው፥ በልጅነቱ ትምህርት እምቢ ብሎት ከመምህሩ በሸሸ ጊዜ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ላይ ሲወጣ፥ ሲወድቅ፥ ደግሞም ሲወጣ አየ፤ በመጨረሻም ከፍሬው ሲደርስ ተመልክቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ትሉ የሠራው ማንኛውም ትል የሚሠራውን ነው፤ ልዩ የነበረው ዓይኑን ሳይነቅል የተመለከተው ልጅ ነው።

ስለዚህ መምህራንና ጸሐፊዎች ሆይ፥ ምሳሌ ስንፈልግ ወደ ሩቅ አገር አውሬ አንሂድ። ገበሬው በዐውድማ ላይ ምርቱን ከገለባው የሚለይለትን ነፋስ ሲጠብቅ፥ ባልቴቲቱ ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾዋን ስታስቀር፥ ቁም ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን ሲፍቅ አጠገባቸው ቆመን እንመልከት። እንዲህ ያለውን ምሳሌ የሰማ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ በገዛ ዓይኑ ያገኘዋልና፥ ትምህርቱን የሚያፈርስበት አይኖርም።