የብር ሰንሰለት
ስለ ሕመምተኛ ትዕግሥትና ስለ መለኪያው

የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርኮ ከአገሩ ሲወሰድ፣ የታሰረበት ሰንሰለት ከብር የተሠራ እንደ ነበረ ይተረካል። የጎጀብን ወንዝ ሲሻገርም የንግሥና ቀለበቱን ወደ ውሃው ጣለው ይባላል። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ይኸውም እስከ 1919፣ ከሃያ ዓመት በላይ በግዞት ኖረ። ታሪክ የንጉሡን ጽናት ያወሳል፤ በእነዚያ ዓመታት በልቡ የነበረውን ሕመም ግን የለካው የለም።

ይህን ያነሣነው ስለ ነገሥታት ለመጻፍ አይደለም። ከዚያው ከከፋ ምድር፣ ነቀርሳ ወይም ካንሰር በተባለው ደዌ ተይዞ፣ ሕክምና ፍለጋ ከቦንጋ የሚነሣ ሰው አለ። ይህ ሰው «እንዴት ነህ?» ቢሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላል፤ የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። የእርሱ ትዕግሥት ሊለካ ይችል እንደ ሆነ፣ ቢለካስ ምን እንደሚጠቅም ለመመርመር ነው።

ሕመምን በጸጥታ መሸከም ከጥንት ጀምሮ እንደ ጥበብ ሲቈጠር ኖሯል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ዜኖን የተባለ ፈላስፋ በአቴና ያስተማራቸው ሰዎች ኢስጦኢኮች ይባሉ ነበር፤ በሐዋርያት ሥራ እንደምናነበው ሐዋርያው ጳውሎስም ተከራክሯቸዋል። በእኛም አገር ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው የስክንድስ ታሪክ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ስክንድስ ላይናገር ምሎ ነበር። በጥንቱ ትረካ መሠረት የሮማው ንጉሥ ሐድርያኖስ ገዳዩን ጠርቶ፣ «ለነፍሱ ሳስቶ የተናገረ እንደ ሆነ አንገቱን ቍረጥ፤ ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን በሕይወቱ መልሰው» ብሎ በስውር አዘዘው። ስክንድስም ዝም ብሎ ዳነ። እነሆ፣ በዚያ ዘመን የትዕግሥት ሚዛን ሰይፍ ነበረ።

በእኛ ዘመን ሰይፉን መጠይቅ ተክቶታል። ማርክ ዝቦሮቭስኪ የተባለው ተመራማሪ በኒው ዮርክ የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል ልዩ ልዩ የዘር ሐረግ ያላቸውን ሕመምተኞች መርምሮ በ1952 ውጤቱን አሳተመ። ከኢጣልያውያንና ከአይሁድ ወገን የሆኑት ሁለቱም ሕመማቸውን አይደብቁም ነበር፤ ነገር ግን የፊተኞቹ የሚሹት ከሥቃዩ መገላገልን ሲሆን፣ የኋለኞቹን የሚያስጨንቃቸው ሕመሙ ስለ ነገ ጤንነታቸው የሚናገረው ነገር ነበር። አንዱ ጩኸት ሁለት ትርጕም ካለው፣ ዝምታም እንዲሁ ብዙ ትርጕም ሊኖረው ይችላል። በ1995 በሊቨርፑል የተዘጋጀው መጠይቅ በ20 ነጥቦች የሰውን ቻይነት ይለካል። በ2001 ደግሞ በአውስትራሊያ ሕመምን በዝምታ መያዝን የሚመዝን ሌላ መጠይቅ ወጣ፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሕመማቸውን ለመናገር ይበልጥ እንደሚቈጠቡም ታየ። እንግዲህ የእነዚህ መለኪያዎች ጥቅም ጀግናን ከፈሪ ለመለየት አይደለም፤ ዝም ያለው ሰው ያልታመመ ሰው እንዳይመስለን ለማስጠንቀቅ ነው።

የካናዳው ሊቅ ሮናልድ ሜልዛክ በ1975 ባሳተመው የሕመም መጠይቅ 78 ሕመም ገላጭ ቃላት ተመድበዋል። እኛም ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይቈረጥመኛል፣ ይነዝረኛል እንላለን፤ እያንዳንዱም ለሐኪሙ የተለየ ፍች አለው። ነገር ግን በካፊኖኖ አፉን የፈታ ሽማግሌ በአማርኛ ሲጠየቅ ከእነዚህ ቃላት የቱን ይመርጣል? ቃል አጥቶ ዝም ያለውን ሰው ቻይ ነው ብለን ብንመዘግበው፣ ጥፋቱ የሚዛኑ እንጂ የሽማግሌው አይደለም።

መንገዱም ቀላል አይደለም። በጨረር የሚሰጠው ሕክምና ለብዙ ዘመን በመላ ኢትዮጵያ የተገኘው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከቦንጋ እስከዚያ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በጅማ መጀመሩ መንገዱን ከሩብ ብዙም ወደማይበልጥ አሳጥሮታል። ቢሆንም ሕመምተኛው ለወገኖቹ ሸክም እንዳይሆን ሲል ሕመሙን ይደብቃል፤ ወገኖቹም ልቡ እንዳይሰበር ሲሉ የደዌውን ስም ይደብቁታል። ሁለቱም በፍቅር ይሸሸጋሉ። አባቶቻችን ግን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ስለ ካንሰር ሕመም ማስታገሻ ያወጣው መመሪያ ለዚህ ችግር መልስ አለው። ከቀላል መድኃኒት ተነሥቶ እስከ ሞርፊን በሚደርሰው ባለ ሦስት ደረጃ መሰላል፣ መድኃኒቱ የሚሰጠው ሰዓቱን ጠብቆ እንጂ ሕመምተኛው እስኪጮኽ ተጠብቆ አይደለም። ይህ ሥርዓት ለቻዩም ለማይችለውም እኩል ይፈርዳል። በአገራችንም በ2003 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በዚህ በማስታገስ ተግባር ተሰማርቷል።

እንግዲህ ሐኪምም፣ አስታማሚም፣ ሹምም ቢሆን፣ የሕመምተኛን ትዕግሥት ከማመስገኑ በፊት ደጋግሞ፣ በገዛ ቋንቋው፣ ለብቻውም አድርጎ ይጠይቀው። ትዕግሥት የተከበረ ጠባይ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን እርዳታ ሊደርስለት የሚችለውን ሰው «እንዴት ያለ ቻይ ነው!» እያልን በሥቃዩ ብንተወው፣ ምስጋናችን ለእርሱ የብር ሰንሰለት ይሆንበታል። ብርም ቢሆን ሰንሰለት ሰንሰለት ነው።