ብርድ ያስተማረው ጌጥ፦ የፈረንሳይ የክረምት አለባበስ ታሪክ

ልብስ ለሰው ልጅ ሦስት አገልግሎት አለው፤ ገላን ይሸፍናል፥ ከብርድና ከሐሩር ይጠብቃል፥ ያስጌጣል። ከሦስቱ የትኛው ይቀድማል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ስለ ፈረንሳይ አገር የሚያስብ ሰው ጌጡን ማስቀደሙ አይቀርም፤ የፓሪስ ስም ሲነሣ ሐርና ዳንቴል፥ ሽቱና ዕንቍ ወዲያው በዓይነ ኅሊና ይታያሉና። ታሪኩን ከሥሩ ስንመረምረው ግን ነገሩ የተገላበጠ ሆኖ እናገኘዋለን። ፓሪሳውያን በብርድ ወራት ለብሰውት ሲታዩ ዓለም የሚያደንቀው ልብስ አብዛኛው የተገኘው ከብርድ ጋር ከተደረገ ትግል ነው። ብዙውንም አስቀድመው የለበሱት መኳንንት ሳይሆኑ እረኞች፥ መርከበኞችና የእጅ ሠራተኞች ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ይህን ታሪክ በአጭሩ ለማሳየት እንሞክራለን።

በእኛ አገር ክረምት ሲባል ሰኔ ግም ሲል የሚገባው የዝናም ወቅት ነው። የፈረንሳይ ክረምት ግን የሚውለው እኛ በበጋ ላይ ሳለን፥ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። በተራራማው ክፍል በረዶው ይከመራል፤ በፓሪስ ግን በረዶ ዘወትር አይወርድም። በጥር ወር የከተማይቱ ሙቀት በአማካይ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን፥ ካፊያና ጭጋግ ስለሚበዛ ብርዱ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ብርድም ከደረቁ ይልቅ ወደ አጥንት ዘልቆ ይሰማል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ታሪኩን ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት እንጀምር። ንጉሡ ሉዊ 14ኛ ያሠሩት ይህ ሕንፃ በትልቅነቱና በጌጡ ስመ ጥር ቢሆንም ለክረምት የተመቸ ቤት አልነበረም። አዳራሾቹ ሰፊ፥ ጣራዎቹ ከፍተኛ፥ መስኮቶቹም ብዙ ስለ ነበሩ፥ የምድጃው እሳት ከአጠገቡ የቆመውን ሰው ብቻ ያሞቅ ነበር። በ1671 የንጉሡን ወንድም አግብተው ከጀርመን አገር የመጡት ልዕልት ኤልሳቤት ሻርሎት፥ በትውልድ አገራቸው ስም ፓላቲን የሚባሉት፥ በ1676 ክረምት አንገታቸውን ለማሞቅ ሲሉ አንድ አሮጌ ጸጉራም የአውሬ ቆዳ በትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ልዕልቲቱ ያሰቡት ጌጥን ሳይሆን ሙቀትን ነበር። የቤተ መንግሥቱ ወይዛዝርት ግን ያንኑ የመሰለ ለራሳቸው ማሠራት ጀመሩ፤ ልዕልቲቱም በነገሩ እየተገረሙ በደብዳቤያቸው ጽፈውታል። ይህ ዓይነቱ የአንገትና የትከሻ ልብስ ከእርሳቸው የተነሣ በፈረንሳይኛ «ፓላቲን» ተባለ። እንግዲህ በዓለም እጅግ ያጌጠ በተባለው ቤተ መንግሥት አንድ አዲስ የጌጥ ልማድ የተጀመረው አንዲት የውጭ አገር ሴት ስለ በረዳት ነው።

በ1709 የገባው ክረምት ደግሞ በፈረንሳይ ታሪክ «ታላቁ ክረምት» ተብሎ የሚጠራው ነው። ወንዞች ረጉ፥ የወይንና የወይራ ተክሎች ደረቁ፥ የተዘራው ስንዴ በመሬት ውስጥ ሞተ። በቬርሳይ እሳት በሚነድባቸው ክፍሎች እንኳ በቁም ሣጥን የተቀመጡ የመጠጥ ጠርሙሶች ከብርዱ ጽናት የተነሣ ይሰበሩ እንደ ነበር መስፍኑ ሴን ሲሞን በማስታወሻቸው ጽፈዋል። መኳንንቱ ጸጉራም ካባቸውን ደርበው ዘመኑን አለፉት፤ በየገጠሩና በየከተማው ግን በብርድ፥ በራብና በበሽታ ብዙ መቶ ሺህ ሰው አለቀ። የልብስን ታሪክ የሚመረምር ሰው የመኳንንቱን ካባ ብቻ አይቶ ቢያልፍ ታሪኩን በግማሹ እንዳነበበው ይቈጠራል።

በዚያው ዘመን የንጉሡ የገንዘብ ሚኒስትር ኮልቤር ልብስ የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን ተረድተው ነበር። የፈረንሳይ ገንዘብ ለሱፍ ጨርቅ ወደ እንግሊዝና ወደ ሆላንድ እንዳይሄድ በማሰብ፥ ቫን ሮቤ የተባለውን የሆላንድ ባለሙያ በ1665 ወደ አቤቪል ከተማ አስመጥተው ጥሩ ሱፍ የሚሠራበት ፋብሪካ እንዲያቋቁም መብት ሰጡት። ይህን የመሰለው ጥረት ልብስን ከቅንጦት ወደ ኑሮ መሠረትነት አሸጋገረው፤ በጨርቅና በስፌት ሥራ የሚተዳደረውም ሕዝብ እየበዛ ሄደ።

ከ1789 አብዮት በኋላ ደግሞ ጌጥ ብርድን የረሳበት ጊዜ መጣ። ወይዛዝርቱ የጥንት ግሪኮችን ለመምሰል ሲሉ እጅግ ስስ የሆነ የጥጥ ቀሚስ በክረምትም ይለብሱ ጀመር። ከዚህ ጭንቅ ያወጣቸው ከ1798 እስከ 1801 በተደረገው የግብፅ ዘመቻ ጊዜ ወደ ፈረንሳይ መግባት የጀመረው የካሽሚር ሻል ነው። ከሩቅ ምሥራቅ ፍየሎች ለስላሳ ጠጉር የሚሠራው ይህ ሻል ቀላልና ሞቃት ነው፤ በጋቢ ተጠቅልሎ ላደገ ሰው ጥቅሙን ማስረዳት አያሻም። የናፖሊዮን ባለቤት ዦዜፊን ወደደችው፤ እርሷን አይቶም አገሩ ሁሉ ተመኘው። ዋጋው ግን እጅግ ውድ ስለ ነበረ ቴርኖ የተባለው ባለ ፋብሪካ በፈረንሳይ ያሠራው ጀመር፤ በ1819ም ፍየሎቹ ራሳቸው በመርከብ ተጭነው እንዲመጡ ተደረገ። የሊዮኑ ተወላጅ ዣካር በ1804 ገደማ የፈለሰፈው የሽመና መሣሪያ እየተሻሻለ ሲሄድ፥ ቀድሞ የልዕልቶች ብቻ የነበረው ሻል በመካከለኛው ሕዝብ ትከሻ ላይም ታየ። እስከ 1870 ገደማ ድረስ ሻል የፈረንሳይ ሴት ዋነኛ የክረምት መደረቢያ ሆኖ ኖረ።

እስከዚህ ድረስ ያየነው ከላይ ወደ ታች የወረደውን ነው። አሁን ደግሞ ከታች ወደ ላይ የወጣውን እንመልከት።

ፒሬኔ በሚባሉት ተራሮች ግርጌ፥ ቤያርን በተባለው አውራጃ የሚኖሩ እረኞች ከሱፍ የተሠራ ክብ ቆብ ያደርጉ ነበር። ቆቡ መጀመሪያ እንደ ሹራብ በመርፌ ይሠራና በውሃ ውስጥ እየተወቀጠ እስኪጠብቅና እስኪወፍር ድረስ ይታሻል፤ ስለዚህም ዝናም በቀላሉ አያስገባም፥ ነፋስም አይበግረውም። ይህ ቆብ «ቤሬ» የሚባለው ነው። የባስክ ሕዝብ ቆብ ተብሎ ቢታወቅም የመጀመሪያ ባለቤቶቹ የቤያርን እረኞች ነበሩ። በ1889 የተራራ ጦር ወታደሮች ወሰዱት፤ ኋላም ወደ ተማሪው፥ ወደ ሠዓሊውና ወደ ከተማይቱ ሴት ራስ ወጣ።

በብሬታኝ ጠረፍ ደግሞ መርከበኞች ነጭና ሰማያዊ መስመር ያለበት፥ ገላን የሚይዝ ሹራብ ይለብሱ ነበር። የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት በማርች 27 ቀን 1858 ባወጣው ደንብ ይህን ልብስ የመርከበኛው መደበኛ ልብስ አደረገው፤ የመስመሮቹንም ስፋት ሳይቀር ወሰነ፤ ነጩ 20፥ ሰማያዊው 10 ሚሊሜትር እንዲሆን አዘዘ። ከባሕር ነፋስ እንዲያድን የታሰበው ይህ ሹራብ ከጊዜ በኋላ በካፖርት ሥር የሚለበስ የከተማ ልብስ ሆነ።

ይህን ለውጥ ካፋጠኑት ሰዎች አንዷ ጋብሪኤል ሻኔል ናት። በ1883 ከድሃ ቤተ ሰብ ተወልዳ እናቷ ከሞተች በኋላ ያደገችው በአንድ ገዳም ውስጥ ባለ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነው። በ1910 በፓሪስ የባርኔጣ ሱቅ ከፈተች። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ፤ ሴቶቹም በየሆስፒታሉና በየመሥሪያ ቤቱ ተተኩ። በወገብ የሚያስጨንቅና መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሶ መሥራት አይቻልም ነበር። ጨርቅም ጠፋ። ሻኔል ያን ጊዜ የወንዶች የውስጥ ልብስ ይሠራበት የነበረውን ጀርሲ የተባለ ለስላሳ ጨርቅ ገዝታ በ1916 የሴቶች ኮትና ጉርድ ቀሚስ ሠራችበት። ልብሱ ይሞቃል፥ አይከብድም፥ እጅንም አያስርም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል፤ ነገር ግን ከእረኛው፥ ከመርከበኛውና ከወታደሩ የተወሰደው ልብስ ለአዲሱ ባለቤት ኑሮ እንዲስማማ ሆኖ እንደገና ሲቈረጥ፥ ከተውሶ ወደ ባለቤትነት ይለወጣል።

አንድ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ለሴቶች ሳይፈቀድ ቆየ፤ ይኸውም ሱሪ ነው። በኖቬምበር 1800 የወጣው የፓሪስ ፖሊስ ትእዛዝ፥ እንደ ወንድ ለመልበስ የምትሻ ሴት አስቀድማ ፈቃድ እንድትጠይቅ ያስገድድ ነበር። በ1892 እና በ1909 የፈረስ ልጓም ወይም የቢስክሌት መሪ ለያዘች ሴት ብቻ ተፈቀደ። ትእዛዙ ፋይዳ የሌለው መሆኑ በመንግሥት በይፋ የተነገረው በ2013 ነው። በተግባር ግን ቀድሞ ካሸነፉት ኃይሎች አንዱ ብርድ ነበረ።

ይህም የሆነው ጀርመኖች በጁን 1940 ፓሪስን ከያዙ በኋላ ነው። ተከታትለው የመጡት ክረምቶች ብርቱዎች ነበሩ፤ የድንጋይ ከሰል ጠፋ፥ ቤቶች ሳይሞቁ ከረሙ፥ ቆዳና ሱፍ ለጀርመን ጦር ተወሰደ። ከ1941 ጀምሮ ልብስ በራሽን ካርድ ሆነ። የጫማ ሶል ከእንጨት ተሠራ፤ በየመንገዱም የእንጨቱ ኳኳታ ይሰማ ነበር። ሴቶች ከብርድ ልብስ ካፖርት ሰፉ፤ በምርኮ ከሄዱ ባሎቻቸው ኮት ለራሳቸው ጃኬት አወጡ፤ አሮጌ ሹራብ ተርትረው በክሩ አዲስ ሠሩ፤ ጋዜጣ በልብሳቸው ሥር ደረቡ፤ ሱሪም ለበሱ። ይህ ሁሉ ችግር ቢሆንም አብዛኞቹ ተጐሳቍሎ መታየትን አልወደዱም። ንጹሕና ደንበኛ ሆኖ መታየት ለብዙዎች አለመንበርከክን የመግለጫ መንገድ ሆነላቸው።

ፓሪስ ነፃ ከወጣች በኋላ በማርች 1945 የልብስ ሠሪዎቹ ማኅበር ጨርቅ ስላነሰው፥ ከሽቦ የተሠሩ የሰው ሢሶ የሚያህሉ ሁለት መቶ ያህል አሻንጉሊቶችን አልብሶ በሉቭር ሕንፃ አሳየ፤ ገቢውም ለጦርነቱ ተጐጂዎች ተሰጠ። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947፥ እጅግ በቀዘቀዘ ክረምት፥ ክሪስቲያን ዲዮር የመጀመሪያ ሥራውን ለሕዝብ አቀረበ። ለአንዳንዱ ቀሚስ እስከ 20 ሜትር የሚደርስ ጨርቅ ገብቶበት ነበር። ዓለም አደነቀ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ይህን የመሰለ ልብስ የለበሱ ሞዴሎች በሞንማርትር በሚገኘው የሌፒክ መንገድ ገበያ ፎቶግራፍ ለመነሣት ሲወጡ፥ ለልጆቻቸው ልብስ ያጡ ሴቶች ተቈጥተው ቀሚሱን በላያቸው ላይ ቀደዱት። በሁለቱም ወገን እውነት ነበረ፤ ያ ልብስ ለብዙ ሺህ ሰፊዎችና ሸማኔዎች እንጀራ ነው፤ ለበረደው ሰው ግን ስድብ ነው።

ከዚህ ረጅም ታሪክ ተጣርቶ የቀረው የአለባበስ ዘዴ ከቅንጦት ይልቅ ለቍጠባ የቀረበ ነው። አንድ ወፍራም ልብስ ከመጫን ይልቅ ስስ የሆኑትን መደራረብ ይመረጣል፤ በድርቦቹ መካከል የሚያዘው አየር ሙቀትን ይጠብቃልና። ከሥር ገላን የሚይዝ ሹራብ፥ በላዩ ጃኬት፥ ከዚያም በትከሻው ለድርቡ ቦታ የሚተው ገበር ያለው የሱፍ ካፖርት ይለበሳል። ሱፍ ጥቂት እርጥበት ቢጠጣም ማሞቁን ስለማይተው ለፓሪስ ካፊያ ተስማሚ ነው። ቀለሙ ጥቁር፥ ጥቁር ሰማያዊ፥ ግራጫ ወይም የግመል ቀለም ሲሆን፥ አንዱ ከሌላው ጋር ስለሚስማማ በጥቂት ልብስ ብዙ ዓይነት ማውጣት ይቻላል። ደማቁ ቀለም ለሻርፕ ወይም ለቤሬ ይተዋል። ጓንትና ውሃ የማያስገባ ጫማ ሲጨመሩበት ልብሱ ይሟላል። ካፖርቱ በጥሩ ዋጋ አንድ ጊዜ ይገዛና ገበሩ እየታደሰ ብዙ ዓመት ይለበሳል።

ሻኔል ሱቋን ከዘጋች ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ፥ በ70 ዓመቷ፥ ይህንኑ ዘዴ ይዛ ተመለሰች፤ አዲሱን ሥራዋን ያሳየችው በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1954 ነው። ከዚያ በአራት ቀን ቀደም ብሎ፥ በፌብሩዋሪ 1፥ አባ ፒየር የተባሉ ካህን በሉክሳምቡርግ ራዲዮ ለሕዝብ ጥሪ አቅርበው ነበር። በዚያች ሌሊት አንዲት ሴት በፓሪስ በሴባስቶፖል ጐዳና ላይ በብርድ ሞታ ተገኘች፤ በእጇም ከቤቷ እንድትወጣ ያዘዘውን ወረቀት ይዛ ነበር። አባ ፒየር ለዚያው ምሽት 5,000 ብርድ ልብስ፥ 300 ድንኳንና 200 የማሞቂያ ምድጃ ለመኑ። ሕዝቡ ካፖርቱን፥ ብርድ ልብሱንና ገንዘቡን ይዞ ጐረፈ፤ መቀበያው ሆቴል የሚመጣውን ዕቃ መያዝ አቃተው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1956፥ ተከራይን በክረምት ወራት ከቤት ማስወጣትን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ሕጉም እስከ ዛሬ ይሠራል።

በአንድ ከተማ፥ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሆኑትን እነዚህን ሁለት ነገሮች ጐን ለጐን ያኖርናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የልዕልት ፓላቲን አሮጌ ጸጉራም ቆዳ፥ የእረኛው ቆብ፥ የመርከበኛው ሹራብና ከብርድ ልብስ የተሰፋው ካፖርት ሁሉ ለጌጥነት የበቁት መጀመሪያ ስላሞቁ ነው። ልብስ በአንድ አገር አምሯል የሚባለውም ጥቂቶች ስላጌጡ ሳይሆን፥ ብርድ ሲመጣ የሚደርበው ያጣ ሰው ሳይኖር ሲቀር ነው።