ነጻ ትምህርትና የተማሪ ስንቅ

ትምህርት ያለ ዋጋ ከተሰጠ ለሀብታምና ለድኃ፥ ለከተሜና ለባላገር እኩል ይደርሳል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። የአገራችንን ታሪክ ብንመረምር ግን ነገሩ በዚህ ብቻ እንደማይፈጸም እንረዳለን።

በቀድሞው ሥርዓት ከንባብ ቤት እስከ መጻሕፍት ቤት መምህሩ ከተማሪው የትምህርት ዋጋ አይቀበልም ነበር። ቅኔ ሊማር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ የሚሄድ የገበሬ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ አገር ያቋርጣል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲቆም መንደሩ ካለው ቁራሽ ያካፍለዋል። ማደሪያው ከጓደኞቹ ጋራ የሚሠራት የሣር ጎጆ ናት። እንግዲህ ትምህርቱን መምህሩ፥ እንጀራውን ሕዝቡ ይሰጡት ነበር ማለት ነው። ይህም ሥርዓት ጉድለት አልነበረበትም አይባልም፤ ረኃብና በሽታ ብዙዎችን ከመንገድ አስቀርቷል፤ ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶች በቀር ከደጅ ቀርተዋል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ በከተማ ተተከለ። የዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም.፥ የተፈሪ መኰንን በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈቱ። ከጠላት ወረራም በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ፥ የጄኔራል ዊንጌትም በ1938 ዓ.ም. በዚያው በዋና ከተማው ተቋቋሙ። እነዚህ ሁለቱ ማደሪያና ምግብ ነበራቸውና፥ ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ በከተማው ዘመድ ባይኖረው እንኳ ሊማርባቸው ይችል ነበር፤ ዳሩ ግን ቦታው ለጥቂቶች ብቻ ነበረ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሆን ወሰነ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በወረዳ ከተሞች በዙ። ነገር ግን ብዙው የገጠር ልጅ ዛሬም 8ኛን ክፍል ፈጽሞ ወደ ወረዳው ከተማ ሲሄድ፥ ቤት ተከራይቶ፥ በሳምንቱ መጨረሻ በእግሩ ወደ ወላጆቹ ተመልሶ ስንቁን ተሸክሞ ይመጣል። ኪራዩና ስንቁ ሲያልቅበት፥ ስሙ በመዝገብ ተጽፎ ሳለ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ሴት ልጅንማ ወላጆቿ በኪራይ ቤት ብቻዋን ማኖር ፈርተው ያስቀሯታል። የከተማው ልጅ ከእናቱ ገበታ ተነሥቶ ወዲያው ይደርሳል። የፈተናው ቀን ሲመጣ ግን ሁሉም በአንድ ወረቀት ይመዘናሉ።

ተማሪን መመገብ ቀድሞ የመንደር ሁሉ ዕዳ ነበረ። ዛሬ ልጁ በየደጁ እንዲለምን የሚሻ የለም፤ ነገር ግን ዕዳው አልቀረም፥ ከብዙዎች ትከሻ ወርዶ በአንድ ድኃ ገበሬ ትከሻ ላይ ተጫነ እንጂ። ወረዳው ማደሪያ ቢሠራ፥ የከተማው ሰው ስንቅ ቢያዋጣ፥ ደብሩም ባለው ቤት ቢያስጠጋ፥ ያን ጊዜ ትምህርቱ በእውነት ነጻ ይባላል።