በሰም ላይ የቀረ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1877 ቶማስ ኤዲሰን የፈለሰፈው ፎኖግራፍ በመጀመሪያ ድምፅን የቀረጸው በስስ የቆርቆሮ ልባጥ ላይ ነበር። ቆይቶ የሰም ሲሊንደር ተተካ። ሰም ለመቀረጽ ይመቻል፤ ለመቆየት ግን አይበጅም። መርፌው በተመላለሰበት ቁጥር ይፋቃል፤ ሻጋታ ይበላዋል፤ ከእጅ ቢወድቅ ይሰበራል።

ማባዛቱም አስቸጋሪ ነበር። ገበያውን ለማዳረስ ዘፋኙ አንዱን ዜማ ደጋግሞ ይዘፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 የኤዲሰን ኩባንያ ዋናውን ሰም ስስ ወርቅ በማልበስ ማተሚያ ቅርጽ አወጣለት፤ ከአንድ ቅጂም ብዙ ሲሊንደሮች ተገኙ። በ1912 ጠንካራው የሴሉሎይድ ሲሊንደር ተከተለ። ሆኖም ጠፍጣፋው ሸክላ ገበያውን ስለወረሰው በ1929 የኩባንያው የሲሊንደር ምርት አከተመ።

መሣሪያዎቹ ግን ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ ይሠራሉ። አሮጌውን ሰም ደጋግሞ ማሰማት ማጥፋት በመሆኑ፣ ጥቂት ባለሙያዎች የጥንቱን ድምፅ ቀድተው ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ሙጫ አዲስ ሲሊንደር ያወጣሉ። ሰብሳቢው አዲሱን ያጫውታል፤ አሮጌው ያርፋል።

የዚህን ጥቅም የኢትዮጵያም ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በሲሊንደር የተቀረጸ የድምፅ መልእክት ላኩ። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ተደረገ፤ ቅጂም አልነበረውም። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መልስ ግን ተጠብቆ በመቆየቱና በመቀዳቱ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ይሰማል። እንግዲህ ቅጂ የዋናው ተቀናቃኝ ሳይሆን ጠባቂው ነው።